የትርንጎዋ ዋስ

ዘንዘልማ ውስጥ፣ አዳዲስ ቤቶች ከብበውት የቀረው የሰፈራችን የፍራፍሬ ቦታ የአንድ ሰው አይደለም። አባቶቻችን ተክለው ለሁላችን ተዉት፤ ሎሚውም ኮኩም ዘይቱናውም የጋራ ነው። ትርንጎ ግን አንዲት ብቻ ቀርታ ነበር። እሷን የቆረጥሁ እኔ ነኝ።

ልማዳችን እንዲህ ነው። ሳያፈራ የከረመ ዛፍ ካለ፣ በጥር አንዱ ምሳር ይዞ ይቆምበትና "ልቆርጥህ ነው!" ይለዋል። ሌላው ግንዱን ይዞ "ዋስ ነኝ፣ ለከርሞ ያፈራል" ይላል። ምሳሩ ይመለሳል፤ ዛፉም አንድ ዓመት ያገኛል።

ያን ዓመት ትርንጎዋ ሳታፈራ ከረመች፤ ምሳሩም በእኔ እጅ ነበር። ፊደል የቆጠርሁት ያለ አስተማሪ ስለሆነ፣ መጽሐፍ ያላለውን ሁሉ እንቅ ነበር። ያረጀ ዛፍ መነቀል እንዳለበት አንብቤያለሁ።

ጎረቤቴ፣ ጣና ላይ ዓሣ ሲያጠምዱ ያረጁት ሙስሊም ሽማግሌ፣ ግንዷን አቀፉ።

"ዋስ ነኝ።"

"አባባ፣ ደግሞ ለዛፍ ምን ዋስ አለው?" አልሁ።

"አንተስ ብትሆን፣ እስክታፈራ ስንት ዓመት ታገሥንህ!"

ሰው ሳቀ። ሳቁ አናደደኝ። እጃቸውን አስለቅቄ ቆረጥኋት። ልጆቼን "ትዕቢት ቤት ያፈርሳል" እያልሁ ያሳደግሁ ሰው፣ ያን ቀን ትዕቢቴን ዕውቀት አልሁት።

ከዚያ በኋላ በጉቶው በኩል ማለፍ ተውሁ። ክረምት ሲገባ ሴት ልጄ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ጉቶው አቆጥቁጧል፤ ዙሪያው ፍየል እንዳይደርስበት በእሾህ ታጥሯል። ለካ ሽማግሌው በጋውን ሙሉ ከሐይቁ በባልዲ እየቀዱ ሲያጠጡት ኖረዋል።

"ምነው ሳይነግሩኝ?" አልኋቸው።

"ዋስ ነኝ አልሁህ እኮ። ዋስ ይሸሻል እንዴ?"

ከቅርንጫፏ ቆርጠን ሌሎች አራት ተከልን። እሷ ግን ዘንድሮም አላፈራችም። ጥር ሲደርስ ምሳሩን ልጄ ያዘች። የእኔ ልጅ ናት፤ ፊቷ አይፈታም።

"ልቆርጥሽ ነው!" አለች።

ሽማግሌው ከተቀመጡበት በከዘራቸው ጎሸም አደረጉኝ። "ጉልበቴ ደከመ። ተነሥ እንጂ!"

ሄጄ ግንዷን ያዝሁ። ቀጭን ናት፤ አንድ እጅ ይበቃታል። እኔ ሁለቱንም አደረግሁ።

"ዋስ ነኝ" አልሁ።

"አልሰማንም!" አለ ሰፈሩ።

"ዋስ ነኝ!"

ልጄ ምሳሩን ዝቅ አደረገች። በማግስቱ ባልዲውን ከሽማግሌው ደጅ ወስጄ ወደ ሐይቁ ወረድሁ።