የቀለጠው የአረፋ ሥጋ

ትናንት መብራት ጠፍቶ ውሎ፣ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ተመልሼ የፍሪጁን በር ስከፍት ያ ሽታ ፊቴን መታኝ። ቀልጦ ያላበ ሥጋ፣ እርጥብ ላስቲክ። በሩን መልሼ ዘጋሁት። ልጄ ምን ሆንሽ ብላ ጠየቀችኝ፤ ምንም አልኳት። ፍሪጅ የሚባል ነገር አልወድም። ቤቴ የገባውም ባለቤቴ ስለፈለገው ነው፤ እኔማ ከተማችን መካነ ሰላም በዚህ ብርዷ ፍሪጅ ምን ያደርግላታል ባይ ነኝ። እውነቱን ለመናገር ግን ጠቤ ከዕቃው ጋር አይደለም።

እህቴ ከዐረብ አገር የተመለሰችው እኔ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ነው። አምስት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ስትመጣ፣ ከሻንጣዋ ቀጥሎ የደረሰው ከደሴ በጭነት መኪና የተላከ ነጭ ፍሪጅ ነበር። እማ ደስታዋን አልቻለችውም። ሳሎኑ ውስጥ ከግድግዳው አስጠግታ አቆመችው፤ ዳንቴል አለበሰችው፤ የሟቹን አባታችንን ፎቶ አናቱ ላይ አስቀመጠችበት። እህቴ በማግስቱ ፎቶውን አነሳች፣ ዳንቴሉን ገፈፈች፣ ፍሪጁንም ከግድግዳው አራቀችው። ከጀርባው አየር ካላገኘ ይግላል አለች። እማ ፎቶውን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ጠቡ የተጀመረው ያን ቀን ነው፤ እኔም ወገኔን የለየሁት ያን ቀን ነው።

እህቴ ሕግ አወጣች። ጥሬ ሥጋ ከታች፣ የበሰለ ከላይ፣ ሁሉም ተከድኖ። ትኩስ ድስት እንዳለ አይገባም፤ ከበረደ በኋላ ደግሞ ውጭ አያድርም። ሥጋ ፍሪዘር የሚገባው በአንድ ጊዜ የሚበላውን ያህል እየተቋጠረ ነው፤ አንዴ ከቀለጠ ተመልሶ አይገባም። በየዕቃው ላይ የገባበትን ቀን ጽፋ በፕላስተር ትለጥፋለች፤ ሦስት ቀን ያለፈው ወጥ ይደፋል። እማ ሥጋውን ቋንጣ አድርጋ፣ ያደረውን ወጥ አሙቃ ሁለት ልጆች ለብቻዋ ያሳደገች ሴት ናት። ወጥ ሲደፋ ባየች ቁጥር «ያ ረቢ፣ አትያዝብን» እያለች ታለቅስ ነበር።

እኔ ደግሞ እህቴን ጠላኋት። አላጋነንኩም፣ ጠላኋት። ድስት እየከፈተች ስታሸት አፍንጫዋን ሳይቀር ጠላሁት። አንድ አርብ ጎረቤታችን የሰደቃ ምግብ በሳህን ይዘው መጡ። ሰደቃ ቢስሚላህ ተብሎ ይቀመሳል እንጂ አይመረመርም። እህቴ ሳህኑን ተቀብላ እዚያው ሴትዮዋ ፊት አሸተተችው። ሴትዮዋ ወዲያው ሄዱ፤ ከዚያ ወዲህ ደጃችንን አልረገጡም። እማ ሳምንት ሙሉ ከቤት መውጣት አፈረች። እኔም እህቴ ዐረብ አገር ሄዳ ሰው መናቅ ተምራ መጣች እያልኩ ለክፍል ጓደኞቼ አወራሁባት።

በከተማችን መብራት መጥቶ መሄዱ የታወቀ ስለሆነ ለዚያም ዘዴ ነበራት። ፍሪዘሩ ውስጥ በብርጭቆ ውኃ ታረጋና የአንድ ብር ሳንቲም አናቱ ላይ ታስቀምጣለች። እሷ ሳትኖር መብራት ጠፍቶ ከቆየ በረዶው ቀልጦ ሳንቲሙ ይሰምጣል፤ መብራት ሲመለስም ታች እንዳለ ይረጋበታል። ሳንቲሙ ታች ከተገኘ ሥጋው ቀልጦ ነበር ማለት ነው፤ አይበላም።

የዚያ ዓመት አረፋ አጎታችን ከወግዲ ሙክት አመጡልን። ለዘመድ፣ ለጎረቤትና ለሚስኪን የሚገባው ከተሰጠ በኋላ የቤታችን ድርሻ በላስቲክ ተቋጥሮ ፍሪዘሩን ሞላው። በሳምንቱ እህቴ ልትከፍተው ላሰበችው ሱቅ ዕቃ ለመግዛት ደሴ ሄደች። በሄደች ቀን መብራት ጠፋ፤ ሁለት ቀን ቆይቶ በሦስተኛው ጠዋት መጣ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ እማን ፍሪጁ ፊት ዱካ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ከበሩ ሥር ቀይ ውኃ ወርዷል። እህትሽ ስትመጣ ለውሻ ነው የምትጥለው፣ የአረፋን ሥጋ፣ አለችኝ። ድምፅዋ ሲሰበር አልቻልኩም።

«ለእኔ ተይው» አልኳት።

ሳንቲሙ ብርጭቆው ግርጌ ወርዶ ነበር። በጣቴ አወጣሁት። ውኃው እንደገና እስኪረጋ ጠብቄ፣ ከሰዓት በኋላ አናቱ ላይ መልሼ አስቀመጥኩት። የወረደውንም ቀይ ውኃ ወልውዬ አጸዳሁ። እማ አየችኝ። ሶላት ደርሷል ብላ ፊቷን አዞረች።

እህቴ በማግስቱ መጣች። መብራት ጠፍቶ ነበር ወይ ብላ ስትጠይቅ፣ በቀን አምስት ጊዜ የምትሰግደው እናቴ፣ ለአፍታ ሄድ ብሎ መጣ አለቻት። እህቴ ሳንቲሙን አይታ ደስ አላት። አንዱን ቋጠሮ አውጥታ ለነገ ይቅለጥ ብላ ከታች አስገባችው፤ በነጋታው ለምሳ ለብ ለብ አድርጋ ጠበሰችው። ልትጎርስ ስትል አሸተተችውና ቆም አለች። ተነስታ ብርጭቆውን እንደገና አየችው።

«ሽታ ሽታ አለኝ» አለች። «አይ፣ ሳንቲሙ እንኳ አናቱ ላይ ነው» ብላ ጎረሰች።

ቀርባችሁ ብሉ ስትለን እኔና እማ ጠግበናል አልን። ለምን እንደዚያ እንዳልን እስከዛሬ ተነጋግረን አናውቅም።

ሲነጋ እህቴ መቆም አልቻለችም። ጤና ጣቢያ ሦስት ቀን ግሉኮስ ተሰክቶላት ተኛች፤ በመጀመሪያው ቀን ትተርፋለች ያለ ሰው አልነበረም። ዛሬ አርብ አርብ ከዚያው ከዐረብ አገር ትደውልልኛለች፤ ሱቋን ሳትከፍት ተመልሳ ነው የሄደችው። የቤቱን፣ የልጄን፣ የሥራዬን ሁሉ እነግራታለሁ። ይህን ግን አልነግራትም።

ጤና ጣቢያ በተኛች በሦስተኛው ቀን እኔ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ክፍሉ በረኪና በረኪና ይላል። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

«እዚያ የምሠራበት ቤት እመቤቲቱ ምግቡን ከፍሪጅ አውጥታ ታሸተው ነበር» አለችኝ። «ደህና ከሆነ ትመልሰዋለች። ከሸተታት ለእኔ ነው። አንድ ጊዜ ልክ እንዲህ ሆኜ ቆሜ ልብስ ተኮስኩ።»

በነጻ እጇ እጄን ያዘችው።

«ያን ሁሉ የምጨቀጭቃችሁ እናንተ እንደዚያ ያለ እንዳትበሉ ብዬ ነበር። ይኸው እኔው በሳንቲም ታምኜ የተበላሸ ላበላችሁ ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ ጠግባችሁ ነበር። አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።»

እማ ከበሩ ላይ ቆማ ሰምታለች። እህቴ ዓይኗን ጨፍና መልሴን ትጠብቃለች።

«አፉ ብያለሁ» አልኳት።

እጄን ስማ ተኛች።