ቅዳሜ እሳት የማታነደው ሴት

አዲስ የተተኮሰ ሸክላ ውኃ ሲነካው የሚወጣውን ሽታ ታውቀዋለህ? ባለፈው ሳምንት አሶሳ ገበያ አንዲት ሻጭ እንስራው እንደማያፈስ ልታሳየኝ ውኃ ስትሞላው ያ ሽታ ፊቴን መታኝ። ሳልገዛ ሄድኩ።

ያን ጊዜ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። እዚሁ አሶሳ አካባቢ ክልሉ ገና መቋቋሙ ነበር፤ እኛ ከወሎ የመጣን ሰፋሪዎች ነገ ውጡ እንባል ይሆን እያልን፣ በአንዲት የቆርቆሮ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ተጠጋግተን እንኖር ነበር። መንደራችን ውስጥ ሸክላ የምትሠራ ሴት ነበረች። ከጎንደር በኩል ብቻዋን የመጣች፣ ወላጆቿ ቤተ እስራኤል የነበሩ። እዚሁ ተጠምቃ ክርስትና ተነሥታለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን እሳት አታነድም፤ ዓርብ የጋገረችውን ቂጣ ቀዝቃዛውን ትበላለች። እኛም ብንሆን ወንድ ልጅ በስምንተኛው ቀን እንገርዛለን፣ አሳማ አንበላም፣ ቅዳሜንም ሰንበት ብለን እንጠራለን። ጭስ የማይወጣበት ጎጆዋ ግን ሰው ዓይን ውስጥ ገባ። አይሁድነቷ አለቀቃትም ይሉ ጀመር።

የሚያስተምሩን የኔታ ዓይናቸው እየደከመ ስለነበር መጽሐፉን የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። አንድ እሑድ የሐዋርያትን ነገር ሳነብ አስቆሙኝ። ሐዋርያት ጌታ ካረገ በኋላም ለጸሎት ወደ ቤተ መቅደስ ይወጡ እንደነበር፣ ከአሕዛብ የመጣነው ሳንገረዝ እንድንገባ የፈቀዱትም እነዚሁ የአይሁድ ልጆች መሆናቸውን አስረዱን። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣

"ደጁን የከፈቱልን እነሱ ናቸው። እኛ ኋላ መጥተን በእነሱ ልጅ ላይ ልንዘጋው ነው?" አሉ።

በቆርቆሮው ቀዳዳ የገባው ብርሃን ጢማቸው ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ወሬው ተጣሞ ወጣ። የኔታ ኦሪት ይበቃል ብለው አስተማሩ ተባለ። የሰበካው ሽማግሌዎች ማንጎ ሥር ተቀመጡ፤ አንዱ አባቴ ነበር። የኔታ እንዲያ እንዳላሉ፣ ያሉትንም የምታነብላቸው ልጅ እንደምትመሰክር ተናገሩ። ተጠራሁ። የሰማሁትን እንድናገር ተጠየቅኩ። አባቴን አየሁት፤ እሱ መሬት መሬቱን ያያል። እውነቱን ብናገር እኛም ከሸክላ ሠሪዋ ጋር የምንቆጠር መሰለኝ።

"አልሰማሁም" አልኩ።

የኔታ ከማስተማር ታገዱ። ሴትየዋም ቅጥሩን እንዳታልፍ ተነገራት፤ ቅዳሴ ሲገባ ከአጥሩ ውጭ ቆማ ትሰግድ ነበር። ክረምቱ ላይ ወባ ጣላትና ሞተች። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ አትቀበርም ተባለ። ከቀርከሃው ጫካ ዳር ጉድጓድ የቆፈሩላት እንስራ ትሠራላቸው የነበሩት፣ የአገሩ ነባር ነዋሪ የሆኑት የበርታ ጎረቤቶቿ ናቸው። አንዱ ሰፋሪ ይህ እናንተን አይመለከትም ሲላቸው፣ አንድ የበርታ ሽማግሌ ቀና ሳይሉ፣ በተሰባበረ አማርኛ፣

"ሰው ነው እሱ። መሬት አለ" አሉና መቆፈራቸውን ቀጠሉ።

የኔታ ጭቃው ውስጥ ቆመው ዳዊት ደገሙላት። እኔ ከሴቶቹ ጋር መንገድ ዳር ቆሜ አየሁ እንጂ አልቀረብኩም።

ከጥቂት ቀን በኋላ የኔታ ወደ ወሎ ሊመለሱ መሆኑን ሰምቼ ቤታቸው ሄድኩ። ጋቢያቸውን እየጠቀለሉ ነበር። በድምፄ አወቁኝ።

"ያን ቀን ሳስተምር ሰምተሽኝ ነበር?" አሉኝ።

"ሰምቼ ነበር፣ የኔታ።"

የጠቀለሉትን ጋቢ ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

"እንግዲያ ደህና። እውነትም ሳትሰሚኝ ቀርተሽ ይሆን እያልኩ ሳዝን ነው የከረምኩት።"

እጃቸውን ይዤ እስከ መኪናው መራኋቸው። እጃቸው ክብደት አልነበረውም። የመንደሩ ሰው በየደጁ ወጥቶ ያየን ነበር፤ ሽማግሌዎቹም፣ አባቴም። ሰምቼ ነበር ብዬ ጮክ ብዬ ልናገር እችል ነበር።

አልተናገርኩም።