ሙሉውን ሱቅ ባዶ ያስባለው ማጣሪያዬ

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት ጅዳ ውስጥ፣ ረመዳን ሊገባ ወር ያህል ሲቀረው ነው። የአገራችን ሴቶች ለቤት ሥራ በየአውሮፕላኑ ሞልተው የሚመጡበት ጊዜ ነበር። የማልረሳው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ከአገሩ ልባረር ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። ሁለተኛ ደግሞ፣ ተምሬያለሁ ብዬ የምኮራበትን ሥራ ኮምፒውተር ነክታ የማታውቅ እህቴ በአሥር ደቂቃ አፈር ድሜ አስጋጠችው።

አገር ቤት ኮምፒውተር ተምሬያለሁ። ጅዳ ግን ፔትሮሚን የሚባል ሰፈር አንድ ጋራዥ ገብቼ የመኪና ዕቃ ነበር የማጥበው። አንድ ቀን ስፖንሰር የሆነኝ ከፊሌ ጠራኝና፣ "ኢቃማህ በሚቀጥለው ወር ያልቃል፣ አላድሰውም። የሚቀበልህ ሌላ ከፊል ፈልግ" አለኝ። ያለ ኢቃማ፣ ማለትም ያለ መኖሪያ ፈቃድ ከተያዝኩ የሚወስዱኝ ሹመይሲ እስር ቤት ነው፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ አገር ቤት።

ሸረፊያ ሰፈር ውስጥ አቡ ሳሊም የሚባል ነጋዴ አውቅ ነበር። ሻርፕ፣ አባያ፣ ብርድ ልብስ፣ የሻይ ብርጭቆ ይሸጣል። አብዛኞቹ ደንበኞቹ ሐበሻ ሴቶች ስለሆኑ አማርኛ ይሰማል፤ መናገሩ ላይ ነው የሚንገዳገደው። ከአሠሪዎቻቸው ቤት መውጣት የማይችሉ ሴቶች በስልካቸው፣ በአማርኛ፣ ዕቃ መርጠው እንዲያዙ ፈለገ። "ገጹን ሥራልኝ። ከሠራ ኢቃማህን በስሜ አዞረዋለሁ፤ ካልሠራ አልተዋወቅንም" አለኝ።

ከገጹ ሁሉ የኮራሁበት የዕቃ መፈለጊያው ማጣሪያ ነበር። የሠራሁት ፈንክሽናል በሚባለው የፕሮግራም አጻጻፍ ነው። ነገሩ ሲወራ ይከብዳል እንጂ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ፈንክሽን እንደ በር ዘበኛ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል። አንዱ "ሻርፕ ነህ?" ይላል፣ ሌላው "ቀይ ነህ?" ይላል። ዕቃውን አይነካካም፣ አይለውጥም፤ አዎ ወይም አይደለም ብሎ ዝም ነው። ደንበኛዋ አንድ ነገር በመረጠች ቁጥር አንድ ዘበኛ ይጨመራል። ሁሉንም ያለፈ ዕቃ ብቻ ስልኳ ላይ ይወጣል።

የመሞከሪያ ፕሮግራምም ጻፍኩለት። ቀይ ሻርፕ አምጣ ሲባል ያመጣል። ጥቁር አባያ ሲባል ያመጣል። የሌለውን የለም ይላል። አርባ የሚሆኑ ሙከራዎች አንድ ሳይቀር አለፉ። ምን እደብቃለሁ፣ ጋራዥ ያሉትን ልጆች ከዚያ ቀን ጀምሮ መሐንዲስ ብለው እንዲጠሩኝ ጠይቄያቸው ነበር። አንዳቸውም አልጠሩኝም።

የመጨረሻው ፍተሻ አቡ ሳሊም ባለበት፣ በእውነተኛ ደንበኛ ይሁን ተባለ። መካ ሰው ቤት የምትሠራውን ታላቅ እህቴን ከድጃን መረጥኩ። የሥጋ ዘመድ አያሳፍረኝም ብዬ ነው። ከሰዓት በኋላ ማዳሟ ጋደም ስትል ሊንኩን ላክሁላት። እኔና አቡ ሳሊም ሱቁ ውስጥ ላፕቶፑ ላይ አፍጥጠን ትዕዛዟን እንጠብቅ ጀመር።

አምስት ደቂቃ ሆነ፣ አሥር ደቂቃ ሆነ፣ ምንም የለም። ከዚያ የአቡ ሳሊም ስልክ ጮኸ። አዳምጦ ሲዘጋው ሌላ ተደወለ፣ ቀጥሎ ሌላ። "ሱቅህን ዘጋህ ወይ ይሉኛል" አለኝ ግራ ገብቶት። ወዲያው ሁለት ሐበሻ ሴቶች እያለከለኩ ገቡ። ወደ አገር ቤት እንዲላክላቸው እዚያ ያስቀመጡትን ካርቶን ሊያወጡ ነው የመጡት። "ሱቁ ኻላስ፣ ባዶ ሆኗል ተብለናል፤ ካርቶናችንን ስጡን" አሉ። ይህን የሚሉት እስከ ጣሪያ በተከመረ ብርድ ልብስ መሀል ቆመው ነው።

ለእህቴ ደወልኩና ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

"አህመዴ፣ ወላሂ እኔም ልደውልልህ ነበር" አለች። "ከዚህ ሰውዬ ጋር ሥራ እንዳትገባ። አንድ ሻርፕ የለውም። ቀይ አልኩት፣ አረንጓዴ ጨመርኩ፣ ሰማያዊ ጨመርኩ፣ ቢጫ ጨመርኩ፣ እስከ ስድስት ቀለም ደረስኩ፤ የለም ነው የሚለኝ። ከስሯል መሰለኝ። ሰው እንዳይጎዳ ብዬ ለሴቶቹ በግሩፓችን ተናግሬያለሁ።"

አቡ ሳሊም አማርኛ ይሰማል ብያለሁ። ላፕቶፑን ትቶ ወደ እኔ ዞረ። የሹመይሲ በር ወለል ብሎ ታየኝ።

"እታለም" አልኳት ንዴቴን እየዋጥኩ፣ "ቀይም አረንጓዴም ቢጫም የሆነ አንድ ሻርፕ የት አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"አንድ ሻርፕ መቼ አልኩህ? ለኢድ የምልከው ነው። እማዬ አለች፣ ሦስቱ እህቶቻችን፣ ሁለቱ የወንድሞቻችን ሚስቶች፤ ስድስት ናቸው። አንድ ዓይነት ቀለም ከላክሁ የኔን ወሰድሽ አልወሰድሽም ሲባባሉ ኢዱ ያልፋል። ካርቶን የሚልክ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚገዛው።" ደግሞም ጨመረች። "አንተ ከየት ታውቀዋለህ፣ ልከህ አታውቅ። በአንተም ስም የምልከው እኔ ነኝ።"

ይህን አላውቅም ነበር። ካርቶን ፍለጋ የመጡት ሴቶች ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። አንዷ "አይ ወንድ" አለች፣ ለጓደኛዋ እንጂ ለእኔ አይደለም። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

"አብሽር፣ አይዞህ፣ ተቀመጥና አስተካክለው" አለች እህቴ።

ተቀመጥኩ። የቀለም ዘበኞቹን ሁሉ አንድ በር ላይ አቆምኳቸው፤ ከመሀላቸው አንዱ እንኳ አዎ ካለ ዕቃው ይለፍ አልኩ። ከድጃ "መጡ፣ ስድስቱም ቀለም መጣ" አለች። ትንፋሼ ሳይመለስ ደግሞ፣ "ምንም ቀለም ሳልመርጥ ዝም ብዬ ስከፍተውስ? ይኸው፣ አሁን ደግሞ ባዶ ነው" አለችኝ። እውነቷን ነው። ቀለም ካልተመረጠ በሩ ላይ አዎ የሚል አንድም ዘበኛ አይኖርም። እሱንም አስተካከልኩ። ከአርባው ሙከራዬ አንዱም ይህን አልጠየቀም። ሁሉንም የጻፍኳቸው ለራሱ አንድ ከናቴራ ገዝቶ ለሚሄድ ሰው፣ ማለትም ለእኔ ነው።

እህቴ ሱቁ ሙሉ ነው ብላ ለሴቶቹ ተናገረች። ብዙ ሳይቆይ ላፕቶፑ ላይ ትዕዛዝ ይወርድ ጀመር፤ አብዛኛው አምስትና ስድስት ቀለም የተመረጠበት ነው። አቡ ሳሊም ሁለት ሦስቱን አነበበና ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ።

"አንቺ ከድጃ" አለ በዚያ በሚንገዳገድ አማርኛው፣ "ልጁ ኢቃማ እኔ ጋ ይመጣል። ግን አንቺ ሳታይ ምንም ነገር ለሰው አይወጣም።" ከዚያ ለእኔ በዓረብኛ፣ "ያላ፣ ነገ ከፊልህን አገናኘኝ" አለኝ።

ኢቃማው ዞረልኝ። የመጀመሪያ ካርቶኔንም በዚያው ሳምንት ላክሁ፤ ስድስት ሻርፕ፣ ስድስት ቀለም፣ ከድጃን ሳላማክር። ለኢድ ስደውል ስልኩን እማዬ አነሳችው።

"ቢጫው ሻርፕ ደረሰኝ" አለች።

"እኔ ነኝ የላክሁት" አልኳት ደረቴን ነፍቼ።

"አውቄያለሁ። እስከዛሬ የአህመድ ነው የሚባለው ሁሉ የከድጃ እንደሆነ መቼ ጠፋኝ። በእኔ ዕድሜ ላለች ሴት ቢጫ የሚልክ ግን አንተ ብቻ ነህ።"

የዚያን ቀን ጠዋት ወደ ኢድ ሶላት ለብሳው ሄዳ፣ ያገኘችውን ሰው ሁሉ እያስቆመች ልጄ ላከልኝ ስትል እንደነበር እህቶቼ ነገሩኝ። ይህን ባስታወስኩ ቁጥር በአንድ በኩል እስቃለሁ፣ በሌላ በኩል ያለፉት ዓመታት ይቆጩኛል። እስካሁንም ለእማዬ የሚላከውን ቀለም የምመርጠው ራሴ ነኝ፤ ከድጃ እንድትፈትሽልኝም አልሰጣትም።