በመስኮቱ መስታወት ላይ ያለው ፊት

መጀመሪያ የደረሰኝ የተልባ ዘይት ሽታ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት፣ በአሜሪካ፣ ዴ ሞይን ከተማ በሚገኘው ቤታችን ሳሎን ውስጥ፣ ልጄ የአንድ አሮጌ ሥዕል የእንጨት ፍሬም በዘይት ትወለውል ነበር። ፍሬሙን ጨርሳ ጨርቁን ወደ ሸራው አስጠጋች።

«ዳድ፣ እዚህ መስኮቱ ላይ ስቴይን አለ። ክሊን ላድርገው?»

«እንዳትነኪው!» አልኋት። ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት በኖርሁበት ዘመን ሁሉ፣ ባለጉዳይ በተቆጣብኝ ጊዜ እንኳ እንዲህ ጮኼ አላውቅም።

ልጄ ስቴይን፣ እድፍ፣ ያለቻት እናቴ ነበረች።

ሥዕሉ በተሣለበት ጊዜ ኮሌጅ የጀመርሁ ወጣት ነበርሁ። እናቴና እኔ በአውሮፕላን ማረፊያው ከተማ በሲታክ ውስጥ የአንዲት አሮጊት ሠዓሊ ቤት ምድር ቤቱን ተከራይተን እንኖር ነበር። ሠዓሊዋ የደቡብ አሜሪካ ተወላጅ ነበሩ፤ ቅድመ አያታቸው በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት በአገራቸው በሰው መልክና በታሪክ ሥዕል የታወቀ ሠዓሊ ነበር። እናቴ «እትዬ» ትላቸዋለች፤ እሳቸውም ቃሉን እንደ ስማቸው ተቀብለውት ነበር። ቀለማቸውን በተልባ ዘይት ሲለውሱ ሽታው ደረጃውን ወርዶ እኛ ዘንድ ይደርሳል።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ የጾም ነው። ይጠጣል እንጂ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል?» ትላቸዋለች። እኔ እተረጉማለሁ። እሳቸውም ብሩሹን እንደ ማንኪያ ወደ አፋቸው አስጠግተው ያስቋታል።

በክረምቱ የእናቴ ልብ ታመመ። ሐኪሞቹ ቀዶ ሕክምናው ሊዘገይ እንደማይችል ነገሩን። እናቴ እሺ አለች፤ ሠዓሊዋን ግን አንድ ነገር ለመነቻቸው።

«ከመግባቴ በፊት መልኬን ይሣሉልኝ። ባልወጣ ለልጄ ይቀረዋል።»

ፎቶግራፍ እንዳለን ባስታውሳት፣ «ፎቶ ላይማ ሁልጊዜ ፖሊስ የያዘኝ ነው የምመስለው» አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሠዓሊዋ ክፍል እየወጣች በመስኮቱ አጠገብ ወደ ዝናቡ ዞራ ትቀመጥ ጀመር። የሚያርፍ አውሮፕላን በጣራው ላይ ሲያልፍ መስታወቱ ይንቀጠቀጣል። ሠዓሊዋ ብሩሻቸውን ከሸራው አንሥተው እስኪያልፍ ይጠብቃሉ፤ እናቴ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ትጸልይ እንደነበር አውቃለሁ። ሥዕሉን ሳያልቅ ማየት ግን ለሁለታችንም አልተፈቀደልንም።

ሆስፒታል በምትገባበት ዋዜማ ሸራው ወደ እኛ ዞረ።

እናቴ አየችው። ከዚያም የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፏ ሳበች።

«አንድ ዓይን» አለች። «ልጄ፣ አንድ ዓይን ብቻ!»

የተሣለችው በጎን ነበር። እናቴ ባደገችበት ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቃን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ያያሉ፤ በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣሉት ከሃዲዎችና አጋንንት ናቸው። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራትም፤ ታዝላ ከተሳለመችበት ጊዜ ጀምሮ ስታየው ኖራለች።

«ይሁዳ አደረጉኝ! ነገ ቢላ ሥር የምተኛው በዚህ መልክ ነው? አልገባም። ደውልና አትመጣም በላቸው።»

«እማዬ፣ ሐኪሙ እኮ...»

«አልገባም አልሁህ!»

ሠዓሊዋ ቃሉን ባይሰሙም ቁጣው ገብቷቸዋል። የቀለም መፋቂያውን ቢላ ከጠረጴዛው አነሡ።

«ፋቂው ካለችኝ አሁኑኑ እፍቀዋለሁ» አሉኝ። «ግን በምን እንዳስቀየምኋት ንገረኝ።»

አንዲት ቃል ሳልጨምርና ሳልቀንስ ነገርኋቸው። ሥዕሉ ሳይሆን የእናቴ ሕይወት በእኔ ምላስ ላይ የተንጠለጠለ መስሎኝ ነበር። ሴትዮዋ ተቀመጡ። ቢላውን እንደያዙ ስለ ቅድመ አያታቸው ይነግሩን ጀመር፤ እኔም ከሥር ከሥር ለእናቴ አቀበልሁ።

ሰውየውን ብቻዋን ያሳደገችው እናቱ ነበረች፤ ልብስ እየሰፋች። ካደገ በኋላ ጄኔራሎችና ፕሬዚዳንቶች መልካቸውን ሊያሥሉ ደጁን ጠኑ። ሁሉም ደረታቸውን ነፍተው፣ ከነሜዳሊያቸው፣ ፊት ለፊት መሣል ይሻሉ፤ እንደ ምኞታቸው ሣላቸው። የአገሩን የነፃነት ጦርነት በትልቅ ሸራ ላይ ሲሥል፣ የዘመቱትን ሽማግሌዎች ቤት ለቤት እየዞረ የኮታቸውን ቁልፍ ሳይቀር ጠይቋል። መንግሥት ለትምህርት ወደ ጣሊያን ሰደደው። ሲመለስ እናቱ ተቀብራለች። አንድም ሥዕል አልነበራትም። ዓይኑን ጨፍኖ ቢፈልጋት የመጣችለት በጎን ብቻ ነው፤ በልጅነቱ ከሥሯ ወለሉ ላይ ተቀምጦ፣ በመስኮት ብርሃን ስትሰፋ እንደሚያያት። ከሣላቸው ሰዎች ሁሉ በጎን የሣለው እሷን ብቻ ነው።

«በእኛ ቤት» አሉ ሴትዮዋ፣ «በጎን የሚሣለው የሚወደድ ሰው ነው።»

ተርጉሜ ጨረስሁ። አውሮፕላን አለፈ፤ መስታወቱ ተንቀጠቀጠ። እናቴ ሥዕሉን እንደገና አየችው።

«ምስኪን!» አለች። «ስትሰፋ አንድ ቀን እንኳ አልጠራትም? ቢጠራት ትዞርለት ነበር።» ከዚያም ወደ ሠዓሊዋ ዞረች። «እትዬ፣ እኔ ልጄ ሲጠራኝ የማይበት ዓይን ያስፈልገኛል።»

ይህንንም ተረጎምሁ። 

ሠዓሊዋ ቢላውን አስቀመጡ። ውጭው መጨለም ጀምሮ ነበርና መብራቱን አበሩ፤ እናቴንም ወደ ቦታዋ መልሰው አስቀመጧት። በጨለመው መስታወት ላይ የእናቴ ፊት ፊት ለፊት ወጣ። ቀጭኑን ብሩሽ በዘይት አርሰው፣ በሸራው ውስጥ ባለው መስኮት ላይ ያንን ፊት ይሥሉት ጀመር፤ እንደ እስትንፋስ በሣሣ ቀለም፣ ከነሁለት ዓይኑ። 

እናቴ ተነሥታ ቀረበች። ጣቷን ሳታስነካ ጠቆመች። «አንድ፣ ሁለት» አለች። ነጠላዋንም አስተካክላ፣ «ጠዋት ቀስቅሰኝ» አለችኝ።

ገባች፤ ወጣችም። የልጄን ክርስትና እስክታይ፣ ከዚያም ብዙ ክረምት አብራን ኖራ፣ በአልጋዋ ላይ አረፈች። ያ የሣሣ ቀለም ግን ከእሷ ወዲህ ዓመት በዓመት እየደበዘዘ ሄደ። ዛሬ ለማያውቀው ሰው እድፍ ነው። እኔም አንዳንድ ጠዋት ዓይኖቹን አጣቸዋለሁ።

ይህን ስነግራት ልጄ ጨርቁን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው። ጎንበስ ብላ ፊቷን ወደ ሥዕሉ መስኮት አስጠጋች።

«እማማ» ብላ አያቷን በአማርኛ ጠራቻት።

ከዚያም ዓይኖቹ እስኪያዩዋት ጠበቀች። እኔም አጠገቧ ቆሜ ጠበቅሁ።