«ዘ» የሚባልላቸው አገሮች

ከሚሴ ውስጥ ከእኔ የተሻለ እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ከተፈለገ ለንደን ድረስ መሄድ ያስፈልጋል፤ እዚያም መገኘቱን እጠራጠራለሁ። ይህን ዝና ያናፈስኩት ራሴ ስለሆንኩ፣ የእህቴ ልጅ ኤምሬትስ ላለ ሆቴል በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ስትጠራ የመጣችው ወደ እኔ ነበር። በሆቴል ሙያ ተመርቃ ሥራ ካጣች ቆይታለች። ይህ ካመለጣት ከእናቷ ጋር ጨፋ ሮቢት ገበያ ላይ ማሽላ እየሰፈረች መቅረቷ ነው።

«አጎቴ፣ እንግሊዝኛ ሲነገር ስማቸው ላይ ‹ዘ› የሚጨመርላቸው አገሮች የትኞቹ ናቸው?» አለችኝ።

«አሜሪካ ሙሉ ስሟ ሲጠራ ይጨመርላታል። ኤምሬትስ፣ ፊሊፒንስ፣ ጋምቢያም እንደዚያው።»

«ሳዑዲስ?»

«የላትም።»

«መካና መዲና ያሉባት አገር ተከልክላ ጋምቢያ ምን ሠርታ አገኘችው?»

«በወንዟ ስም ስለምትጠራ ነው።»

«እኛስ ቦርከና አለን አይደል?»

ውሃ ጠማኝ ብዬ ተነሣሁ።

እሷ ግን ሳምንቱን ሙሉ ባጃጅ ላይ ሳይቀር ስታነበንብ ከረመች። ሹፌሮቹ ሲያዩኝ «ጋሼ፣ ኬንያ እስካሁን አላገኘችም?» ይሉኝ ጀመር።

የቃለ መጠይቁ ቀን ስልኩ ከማያሳየኝ ጥግ ተቀመጥኩ። ጠያቂዋ ሴት ከፊሊፒንስ መሆኗን ተናገረች። እኛ ዘንድ ደግሞ ሰው አገሩን ከነገረህ ቤተሰቡን፣ ዝናቡንና ከብቱን ሳትጠይቅ ወደ ጉዳይህ መግባት ነውር ነው። ልጅቷ «ዘ ፊሊፒንስ እንዴት ናት?» ብላ በእንግሊዝኛ ጀመረች። በኩራት ራሴን ነቀነቅኩ። ቀጠለች፤ «እናትሽ ደህና ናቸው? ዝናቡስ ጣለ? ከብቶቹስ ደህና ናቸው?»

በቃሽ ለማለት እጄን አወናጨፍኩ። ፍየሎቹን የረሳች መስሏት እነሱንም ጨመረች።

አለቀልን ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሴትዮዋ ግን ቀስ ብላ አባቷ በለማዳ ጎሽ እንደሚያርሱ፣ ዘንድሮ ዝናቡ እንደበዛባቸው ታወራ ጀመር። እዚያ በረሃ ከገባች ወዲህ ስለ ጎሾቹ የጠየቃት ሰው እንደሌለም ነገረቻት። ስለ ሆቴሉ የተነሣው መጨረሻ ላይ ነው፤ እሱም «መቼ ትመጫለሽ?» የሚል ብቻ። እህቴ ከጓዳ «አልሐምዱሊላህ» አለች።

አሁን ከዚያ ስትደውል ከራሷ ደህንነት በፊት የምትነግረን የጎሾቹን ነው። አንዷ ወልዳለች። እህቴም ሰፈሩን ሁሉ እየዞረች የምሥራች ብላለች።