እየሩስና የሙነወር ቁጥሮች

ሙነወር ሲሞት፣ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ካለው ጉድጓድ ውሃ እየሳበ ማሳ የሚያጠጣው ፓምፕ በምን ፕሮግራም እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው አልቀረም። እየሩስ ሐይቅ ከተማ ባለው የጥገና ቤቱ ስድስት ዓመት አብራው ሠርታለች፤ የፕሮግራሙን ፋይል ግን አንድም ቀን ከፍታው አታውቅም። ከቀብሩ ሦስት ሳምንት በኋላ የገበሬዎቹ ሰብሳቢ ኡስማን መጥተው የማጠጫው ሰዓት እንዲቀየርላቸው ጠየቋት።

ፕሮግራሙ የተጻፈው አሴምብሊ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ነበር። ፓምፑን የሚያዘው ቺፕ ሲሠራ መረጃ የሚይዝባቸው፣ ሬጅስተር የሚባሉ ትናንሽ ቦታዎች አሉት። ሙነወር ሁሉንም የጠራቸው በቁጥር ብቻ ነው፦ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስምንት። የቱ የውሃውን ከፍታ፣ የቱ ሰዓቱን እንደያዘ በልቡ ያውቀው ነበር።

"አንድ መስመር እንኳ ቢጽፍልኝ ምን ነበረበት" አለች ለብቻዋ። ወዲያው ሙት መውቀሷ ከበዳት።

ወር ፈጀባት። የአንዱን ሬጅስተር ሥራ በደረሰችበት ቁጥር ፋይሉ አናት ላይ ስም ታወጣለታለች፤ ቋንቋው ፊደላችንን ስለማይቀበል "ውሃ"ንም "ሰዓት"ንም በላቲን ጻፈች። የማጠጫውንም ሰዓት ቀይራ ስትጨርስ ኮምፒውተሩ አንድ ሬጅስተር ሁለት ስም እንደተሰጠው አስጠነቀቃት። ሰልችቷት ነበርና አልፋው ፕሮግራሙን ፓምፑ ላይ ጫነችው።

በማግስቱ ጉድጓዱ ሲጎድል ፓምፑ አልቆመም። ሁለቱም ስሞች የአንድ ሬጅስተር ስለነበሩ በውሃው ከፍታ ላይ ሰዓቱ እየተጻፈበት፣ ደርቆ ሲሽከረከር ውሎ ሞተሩ ተቃጠለ። ሌላ እስኪመጣ የአራት ቤተሰብ የሽንኩርት ችግኝ ጠወለገ።

እየሩስ ማሳው ድረስ ሄደች።

"ጋሽ ኡስማን፣ ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም፤ የእኔ ነው። ማስጠንቀቂያውን አይቼው ነው ያለፍኩት።"

ኡስማን አንድ የደረቀ ችግኝ ነቀሉ። "አንደኛው ማሳ የእኔ ነው" አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ሙነወርም ሁለት ጊዜ አቃጥሎታል። መብራት ነው ይለን ነበር። አብሽሪ፣ አስተካክይው።"

ይህን አታውቅም ነበር። ተመልሳ ለእያንዳንዱ ሬጅስተር አንድ ስም ብቻ ሰጠች፤ ዝርዝሩንም ጽፋ የመቆጣጠሪያው ሳጥን በር ውስጥ ለጠፈችው።

በዓመቱ እየሩስ ደሴ ሄዳ እናቷን ስታስታምም ፓምፑ ተበላሸ። ሂንድ የምትባል አዲስ ባለሙያ ዝርዝሩን አንብባ እንደጠገነችው ኡስማን ደውለው ነገሯት።

"ማንንም ሳትጠይቅ?"

"ማንንም።"

ስልኩን ዘግታ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች። ሙነወር ግን በታመመበት በመጨረሻው ወር እንኳ ሦስት ጊዜ፣ በሰው ተደግፎ፣ ፓምፑን ለመጠገን ወደ አርዲቦ መሄዱን አሰበች።