በጥርስ የተሠራ ብሩሽ

ባለፈው ሳምንት የመጽሐፍ መደርደሪያዬ አንድ እግሩ ለቀቀና ኮላ ልገዛ ድሬ ዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ወዳለ አንድ ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ልጅ የሰጠኝ ጠርሙስ ክዳኑ ላይ ትንሽ ብሩሽ ተሰክቶበታል። «ብሩሹ አብሮ ነው የሚመጣው፣ እማማ» አለኝ። ክዳኑን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ እንደገና ከፈትኩ። ልጁ ዕቃው የተበላሸ መስሎት ሌላ ሊያወርድልኝ ተነሣ።

በደርግ ጊዜ፣ የሶማሊያ ጦርነት ደጃችን ደርሶ ባቡሩ በቆመበት ዓመት፣ እናቴና እኔ አንድ የኮላ ብሩሽ ፍለጋ ድሬ ዳዋን አዳርሰናል። አባቴ አናጢ ነበር፤ የቤታችን የፊት ክፍል የሥራ ቦታው ነው። አንድ ማለዳ የቀበሌ ጥበቃዎች መጥተው ወሰዱት። ምክንያቱን አልነገሩንም። ሲወስዱት ለዚያው ቀበሌ አዳራሽ አግዳሚ ወንበሮች እየሠራ ነበር። እናቴ ልትጠይቅ ስትሄድ ሊቀመንበሩ፣ «ወንበሮቹ ለእሑድ ስብሰባ ይድረሱ፤ የባልሽን ጉዳይ ያኔ በበጎ እናየዋለን» አላት። እሷ ይህን እንደ ቃል ኪዳን ይዛ ተመለሰች።

«እኛው እንጨርሰዋለን» አለችኝ፣ ነጠላዋን እንኳ ሳታወርድ።

እግሮቹ ተቆርጠዋል፣ መጋጠሚያዎቹም ተፈልፍለዋል። የቀረው ማጣበቅ ብቻ ነው። ሚስማር ከገበያ ጠፍቷል፤ ኮላው ግን ነበረን። ከቆዳ ተቀቅሎ የሚሠራው፣ እንደ ጠጠር የደረቀው፣ በጣሳ ተደርጎ የፈላ ውሃ ውስጥ ሲቀመጥ የሚቀልጠው ዓይነት ነው። አይጥ ይወደዋል። አባቴ የተያዘ ዕለት ብሩሹ ኮላ እንደነካ ቀርቶ ስለነበር አይጦቹ ፀጉሩን እስከ እጀታው ድረስ ጨርሰውታል።

ይህ ኮላ በትኩሱ ነው የሚቀባው፤ ጣት ያቃጥላል። በጨርቅ ሞከርን፤ ተቋጠረብን። የዶሮ ላባ ስንነክርበት ሙቀቱ አኮማተረው። የፍየል ፀጉር እንጨት ጫፍ ላይ አሰርን፤ እየተነቀለ መጋጠሚያው ውስጥ ቀረ። ወደ ቀፊራ ገበያ ወረድን። በሌላው አገር ክረምት ነው፤ ድሬ ላይ ግን የአሸዋው ግለት በጫማ ውስጥ ያልፋል፣ ገበያው ከመጠን በላይ በበሰለ ማንጎ ይሸታል። ድሮ የአናጢ ዕቃ ይሸጥ የነበረ ነጋዴ ባዶ መደርደሪያውን አሳየን።

«ብሩሽ? አቦ፣ እናንተ ባቡሩን አምጡልኝ፤ እኔ ብሩሹን እሰጣችኋለሁ!»

ሰዎች ሳቁ። እናቴ አልሳቀችም፤ ፈጥና ተራመደች። ከዚያ መፋቂያ የምትሸጥ ሴት ፊት ድንገት ቆማ፣ ሶማሌዎቹ ዓደይ ከሚሉት የዛፍ ሥር ወፍራም ወፍራሙን መምረጥ ጀመረች። ጭንቀቱ አእምሮዋን የነካት መሰለኝ።

«እማዬ፣ የጥርስ መፋቂያ ምን ያደርግልናል?»

«ሲታኘክ ጫፉ ምን ይሆናል?» አለችኝ።

ቤት ስንደርስ ቅርፊቱን ልጬ በመዶሻ ቀጠቀጥኩት። እንደደረቀ ነበርና ተሰባበረ። ቀሪውን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈን፣ ሲለሰልስ ግራና ቀኝ ተቀምጠን ማኘክ ያዝን። መጀመሪያ እንደ ፌጦ ያቃጥላል፣ ከዚያ ይመራል። ድዳችን ደማ። በአንድ ግቢ የምንኖር ጎረቤታችን አዴ ከዲጃ በራቸው ላይ ቆመው ሲያዩን ቆዩ።

«እናንተ! ሠርግ አለና እኔ ሳልጠራ ነው? ጥርሳችሁን ለማን ነው እንዲህ የምታነጡት?»

እናቴ ነገረቻቸው። አዴ ከዲጃ መጥተው አጠገባችን ቁጭ አሉና እጃቸውን ዘረጉ።

«አምጪ። የቀረኝ ጥርስ ሦስት ነው፤ ግን ወላሂ ሦስቱም ሥራ ያውቃሉ።»

አባቴ ከተያዘ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅን። እናቴ ግን ሳቋን መጨረስ አልቻለችም፤ እንጨቱ አፏ ውስጥ እንዳለ ማልቀስ ጀመረች። አዴ ከዲጃ እያኘኩ ጀርባዋን ያሹላት ነበር።

ታኝኮ የላላውን የእንጨቱን ጭረት በአሮጌ ሚስማር ጫፍ አበጠርን፣ እንጨቱ ወደ ታች እንዳይሰነጠቅም ሥሩን በክር ጠፍረን አሰርን። ብሩሽ ሆነ። ትኩሱን ኮላ ጠጣ፣ አልተኮማተረም፣ አልተነቀለም። እናቴ ትቀባለች፣ እኔ እገጥማለሁ፣ ሁለታችን በገመድ አጥብቀን እናስራለን። አንዱ ብሩሽ ሲያልቅ ሌላ እናኝካለን።

ቅዳሜ ወንበሮቹን በጋሪ አደረስን። ሊቀመንበሩ አንዱ ላይ ተቀምጦ ግራ ቀኝ ወዘወዘው። ምንም አልነቃነቀውም።

«ጎበዝ ጓዲት! ከባለሙያ አይለይም።»

«ባለቤቴስ?»

«ትናንት ወደ ሐረር ተወስዷል። ከዚህ በኋላ እኛን አይመለከትም።»

እናቴ ሄዳ ከወንበሮቹ በአንዱ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ጥበቃው እንድትነሣ ሲነግራት፣ «የባሌ ሥራ ነው፤ ትንሽ ልቀመጥበት» አለችው። እሱም ፊቱን አዙሮ ቆመ።

ሐረር ሄድን። እንዲህ የሚባል ሰው አልመጣም አሉን። አባቴን ከዚያ ወዲያ አላየነውም።

ጋዜጠኛ ከሆንኩ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በዚያ ጊዜ እዚያው ቀበሌ ለታሰረ ወንድማቸው ስንቅ ያመላልሱ የነበሩ አንዲት ሴት አገኘሁ። አባቴ ከቀበሌው እስር ቤት የተወሰደው እኛ ወንበሮቹን ከመጀመራችን በፊት እንደነበር ነገሩኝ፤ በዓይናቸው አይተዋል። ሊቀመንበሩ ግን «ትናንት» ነበር ያለው። እናቴ ደግሞ በእነዚያ ቀናት ሁሉ ምሳ ሰዓት ላይ እስከ እስር ቤቱ በር ድረስ ምስር ወጥ ታደርስለት ነበር፤ ሳህኑም ባዶ ሆኖ ይመለስላት ነበር።

በሙያዬ ሁለት ሰው የተለያየ ነገር ሲነግረኝ ሦስተኛ ሰው እፈልጋለሁ። ስለ ጎርፍ፣ ስለ ስኳር፣ ስለ መሬት የተነገረኝን ሳላጣራ ጽፌ አላውቅም። ይህን ግን አላጣራሁም። እናቴ እስክትሞት ድረስ፣ «ቢያንስ ምሳውን ይበላ ነበር» ትል ነበር። አሁን እሷ የለችም፤ ብጠይቅ የምጎዳው ሰው አይኖርም። በሩ ላይ ሳህኑን ይቀበሏት ከነበሩት ጥበቃዎች አንዱ ዛሬም እዚሁ ከተማ እንዳለ፣ ሰፈሩንም አውቃለሁ።

አልሄድኩም። የምሄድም አይመስለኝም።